ከካፖርቱ ታች የተቆረጠው ናሙና

ሙሐዲን የጆንያ አፍ አያምንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ የጅማ ቡና ነጋዴ ቡና ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች እየዞረ፣ ገበሬውና ሰብሳቢው ያመጣውን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አይቶ፣ አሽትቶ፣ በጥርሱ ሰብሮ፣ “ይገዛ” ወይም “ይመለስ” ብሎ የሚፈርደው እሱ ነው። ሌላው መርማሪ ጆንያውን ይከፍትና ከላይ አንድ እፍኝ አንስቶ ይጨርሳል። ሙሐዲን ግን እጅጌውን እስከ ትከሻው ይሰበስባል፣ ክንዱን ሙሉውን ቡናው ውስጥ ይቀብራል፣ ጉንጩ የጆንያውን ጠርዝ እስኪነካ ጎንበስ ይልና ከሥር ይዝቃል። እሱ ዘንድ ናሙና የሚባለው ከታች የወጣው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም። ከሥር እርጥብ ቡና አውጥቷል፣ ጠጠር አውጥቷል፣ የካቻምና ቡና አውጥቷል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ አውጥቷል። የየቡ ሰዎች “አባ ጀላ” ይሉታል፤ የታች አባት እንደማለት ነው። እነሱ እየሳቁ ነው የሚጠሩት፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የሚቀበለው።

የእናቱ ወንድም ነጋሳ ያመጣው ጆንያ ሥር ጠጠር ያገኘ ቀን፣ ሰው በሞላበት ግቢ መሀል ቆሞ “ይመለስ” አለ። አጎቱ ከዚያ ወዲህ ቤቱን ረግጦ አያውቅም። ሙሐዲን ይህን ሲያወራ አንድም ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። “በጆንያ ላይ ዘመድ የለኝም” ይላል፣ ሻዩን ፉት እያለ። ሰሚው ያደንቀዋል፤ ግን ቡና ለመሸጥ ሲያስብ ሌላ መርማሪ ይፈልጋል።

ባለፈው ዓመት በለቀማው ወራት ሙሐዲንን ብርድ መታው። ጎሕ ሳይቀድ በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጦ ወደ የቡ ሲወጣ፣ ከመኪና ወርዶ ጤዛው ጉልበቱን እያራሰው ቡና መሀል ሲቆም፣ ሳሉ ደረቱ ውስጥ ገባና ሳምባ ምች ሆነ። ደረቱ በመድኃኒት ተሻለው። አፍንጫው ግን አርባ ቀን ሙሉ አልተመለሰም። የሻገተውንና ያልሻገተውን መለየት አቅቶት ጆንያ ላይ ተደፍቶ ሲምግ ያዩት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡለት፤ ለሱ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ የባሰው ይኸው ነበር። ቀጣሪው ለጊዜው ብሎ ሌላ መርማሪ አስገባ። አፍንጫው ሲመለስለት እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቀጣሪው ግን “ለከርሞ ከደገመህ፣ ሙሐዲን፣ ቤትህ ዐረፍ ትላለህ” ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ሐኪሙ ያዘዘው ቀላል ነገር ነው፤ ደረትህንና ጀርባህን ብርድ አታስነካ። ጋቢው ግን ጭጋጉን ይጠጣና እሱን ያቀዘቅዘዋል። ተራ የሱፍ ካፖርት ደግሞ ገና አንገቱን ሲነካው እስከ እኩለ ቀን ያስነጥሰዋል። የሚያስነጥሰው ቡና መርማሪ ምን ዓይነት ቡና መርማሪ ነው? ለቀማው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሙሐዲን ስለ ልብስ ማሰብ ጀመረ፤ በሕይወቱ ከሠርጉ ቀን በቀር ስለ ልብስ አስቦ አያውቅም።

ስለ ልብስ እንዳያስብ ያደረገው ቲጃኒ ነው። ቲጃኒ ጅማ ውስጥ የጊንጆ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሙሐዲን ቤት በአራተኛው በር ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ አለችው። የሙሐዲንን የሠርግ ልብስ የሰፋው እሱ ነው። የሙሐዲን አባት ሙሀጅር ሲሞቱም ከፈናቸውን በገዛ መቀሱ የቆረጠው እሱ ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት ሜትር አውጥቶ ሙሐዲንን ለክቶት አያውቅም። ሙሐዲን በር ላይ ብቅ ሲል ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያየዋል፣ “ቀጥነሃል” ወይም “ሆድህ ወጥቷል” ይለዋል፣ ወዲያው ጨርቁን ይቆርጣል። ልብሱም ልክ ይሆናል።

ያን ሰሞን ቲጃኒ ደወለለት።

“ና እስቲ፣ አንድ ነገር አስቀምጬልሃለሁ።”

“ምን?”

“ስትመጣ ታያለህ።”

በሙሐዲን ሥራ “ስትመጣ ታያለህ” የሚል ሰው የሚደብቀው አያጣም። ቢሆንም ሄደ።

ቲጃኒ ከመጋረጃው ጀርባ ጥቁር ካፖርት አወጣ። ከሰልባጅ ነጋዴ ቦንዳ ሲፈታ እጁ ላይ የወደቀ ነው። “ንጹህ ካሽሚር ነው” አለ ድምፁን ቀንሶ። “የፍየል ፀጉር ነው። እንደኛ ፍየል ግን እንዳይመስልህ። በረዶ አገር ያለች ፍየል ከላይ ከሻካራው ፀጉሯ ሥር የምታበቅለው ለስላሳ አለ፤ እሱን ብቻ ለቅመው ነው የሚሠሩት። ንካው።”

ሙሐዲን ነካው። ጉንጩ ላይ አደረገው፣ አሸተተው፣ አንገቱ ላይ አሸው። ማስነጠስ አልመጣበትም። ሁለተኛ አሸው፤ አሁንም ምንም የለም። ልቡ ወደደው፤ ልቡ ስለወደደውም ፈራ።

“ካሽሚር መሆኑን በምን አወቅህ?”

“አርባ ዓመት ጨርቅ ስዳብስ ኖሬ? መለያው ላይም ተጽፏል፤ እየው።”

“ጽሑፍማ ጆንያም ላይ ይጻፋል። ስንት ነው?”

“ላንተ አሥራ አምስት ሺህ።”

“ለሰልባጅ?”

“ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አዲሱን ብትጠይቅ ሱቁ በር ላይ ነው የምትወድቀው። ለሌላ ብሰጠው ከዚህ በላይ አገኝበታለሁ፣ ወላሂ።”

“ታዲያ ለምን ለሌላ አትሸጠውም?”

ቲጃኒ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየው። “ደረትህን አስቤ ነዋ” አለ።

ይህ መልስ ሌላውን ሰው እንባ እንባ ይለው ነበር። ሙሐዲንን ግን አስጠረጠረው። ሰው ትርፉን ትቶ ስለ ሰው ደረት ሲያስብ የት ታይቷል? ለአንድ ቀን ቤት ልውሰደውና ልየው ብሎ ጠየቀ። ቲጃኒ ካፖርቱን ቶሎ ብሎ ወደ መጋረጃው ጀርባ መለሰው።

“ገና እጄ ላይ ነው። ከታች የቀረኝ ነገር አለ። ሐሙስ ና።”

“ከታች ምን ቀረህ?”

“ሐሙስ ና አልኩህ እኮ” አለ ቲጃኒ፣ እየሳቀ።

ከቃል ሁሉ መርጦ “ከታች” አለ። ሙሐዲን ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህችን ቃል እያላመጠ ነበር።

ባለቤቱ ረይሃና ጉዳዩ የገባት ገና በሩን ሲከፍት ነው። አሥራ አምስት ሺህ ብር ለጣሪያው ቆርቆሮ ብለው ያስቀመጡት ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የመኝታ ቤቱን ጥግ ማርጠብ ከጀመረ ሁለት ክረምት ሆኖታል። ይህም ሆኖ “ግዛው” አለችው። “ቆርቆሮ ሲያፈስ ባልዲ እንደቅናለን። አፍንጫህ ሲሄድ ምን እንደቅናለን?”

“ካሽሚር ባይሆንስ? ናይለን ቢሆንስ? ናይለን ያልበኛል፣ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ያው ብርዱ ይገባል።”

“ቲጃኒ ነው እኮ ያለህ።”

“አጎቴም አጎቴ ነበር።”

“አንተ ሰውዬ” አለች ረይሃና፣ “እኔን ስታገባስ ናሙና ወስደህ ነበር?”

ሙሐዲን አልሳቀም። በማግስቱ ገበያ ወርዶ የካፖርት ነጋዴዎቹን ሁሉ አዳረሰ። አንዱ ነጋዴ እሳት እንደሚፈርድ ነገረው፤ የእንስሳ ፀጉር ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸትና አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ይጠነክራል። ሙሐዲን ይህን ሲሰማ ዕረፍት ተሰማው። እሳትና ሽታ ያለበት ፈተና የሱ ሙያ ነው።

ሐሙስ ና የተባለው ሰው ረቡዕ ሄደ። ጆንያ የሚፈተሸው ባለቤቱ ሳያሰናዳው ነው። ቲጃኒ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ካፖርቱ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተንጠልጥሏል። ቲጃኒ አየውና ትንሽ ደንገጥ አለ፤ ሙሐዲን ይህንንም መዘገበ። ወዲያው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ።

“ሱቁን ያዝልኝ፤ እኔ ሰግጄ ልምጣ፣ ከዚያ አንተ ትሄዳለህ” ብሎ ቲጃኒ ወጣ። መሳቢያውን አልቆለፈም።

ሙሐዲን እግሩ ከበሩ እስኪርቅ ጠበቀና ካፖርቱን አወረደ። ከላይ ደረቱን አላየም፣ ኮሌታውን አላየም። በቀጥታ ወደ ታች ወረደና ቅምቅማቱን ገልብጦ ከውስጥ በኩል ዳበሰው። ላይ የጫጩት ላባ የሚመስለው ጨርቅ እዚህ ታች ቀዝቃዛና ሙልጭ ያለ ነው። ቀለሙ ያው ጥቁር ነው፤ እጅ ካልገባ ዓይን አይለየውም። ላይ ሌላ፣ ታች ሌላ! በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ ያየው ነገር ነው። የቲጃኒን መቀስ ከጠረጴዛው አነሳና ከዚያው ከሙልጩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆረጠ። በወረቀት ጠቀለላት፤ እጁ ለምዶበት ወረቀቱ ላይ ቀኑንና “ጊንጆ፣ ቲጃኒ” ብሎ ጻፈባት።

ቲጃኒ ሲመለስ “ሰው መጣ?” አለው።

“አልመጣም።”

“በል ሂድ ስገድ፣ ሳያልፍህ።”

ሙሐዲን መስጊድ ገባ። ስንት ረከዓ እንደሰገደ ግን ዛሬም አያስታውስም።

ማታውን እንኳ አልጠበቀም፤ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ክብሪት ጫረ። ቁራጯ ተሸማቀቀች፣ ቀለጠች፣ ጥቁር እንክብል ሆና ደረቀች። ሽታዋ የላስቲክ ሽታ ነው። አርባ ቀን ጠፍቶ የተመለሰው አፍንጫው ቁልጭ አድርጎ ነገረው። መጀመሪያ ደስ አለው፤ “ያዝኩት!” አለ። ቀጥሎ ግን ደስታው የት እንደገባ ጠፋው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለካ ይህን ሰው ከላይ ከላዩ ነው ያየው። የሠርጉን ልብስ አሰበ፣ የዒድ ልብሶቹን አሰበ፤ የነሱስ ገበር ምን ነበር?

“ሂድና ጠይቀው” አለችው ረይሃና።

“የጆንያ ባለቤት ተጠይቆ እውነት ተናግሮ ያውቃል?”

“ቲጃኒ ጆንያ አይደለም።”

ሐሙስ ቀን ሙሐዲን ቲጃኒ ጋ አልሄደም። ሻይ ቤት ሄደ። እሱ የሚያውቀው ፍርድ ሰው በተሰበሰበበት የሚነገረውን ነው። ሰባት ስምንት ሰው በተቀመጠበት ጥቁሯን እንክብል ከወረቀቷ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ቲጃኒ ካሽሚር ብሎ ሊሸጥልኝ የነበረው ይኸው፤ ናይለን ነው። በእጄ ነው ያቃጠልኩት” አለ። አባ ጀላ ከታች አውጥቶ ያሳየውን ነገር ማን ይጠራጠራል?

ወሬው ከሱ ቀድሞ ከሻይ ቤቱ ወጣ። እስከ ጁምዓ ድረስ ሁለት ሴቶች ለቲጃኒ የሰጡትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ወሰዱ። ለልጁ ሠርግ ሊያሰፋ የተዋዋለ አንድ አባወራም “ትንሽ ልቆይ” አለው። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ ቲጃኒና ሙሐዲን መስጊዱ በር ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ።

“አካም ጂርታ?” ብሎ ሰላም አለው ቲጃኒ፣ እንደ ሁልጊዜው።

“አልሐምዱሊላህ” አለ ሙሐዲን፣ ጫማውን እየፈለገ።

ቲጃኒ ስለ ካፖርቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር ብሎ ሙሐዲን አሰበ። ዝም ማለቱንም ከጥፋቱ ጋር ደመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ መርካቶ ወደ ጊንጆ በባጃጅ ሲመለስ አጠገቡ ፍሬአብ ተቀመጠ። ፍሬአብ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ጅማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ያስተምራል፤ ጥቂት ቀን አገሩ ሰንብቶ ገና ትናንት መመለሱ ነው።

“ጋሼ ሙሐዲን፣ ካፖርቱን ወሰዱት?” አለው ደስ ብሎት።

“የቱን ካፖርት?”

“የቲጃኒን ነዋ። ከመሄዴ በፊት አሥራ ዘጠኝ ሺህ ልስጥህ ብለው እምቢ አለኝ። እኔ ብርድ አገር ነው ያደግሁት፤ እንደዚያ ዓይነት ካሽሚር በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የነካሁት። ‘የሰው ነው፣ የሙሐዲን ነው’ አለኝ። ለማንኛውም ብዬ ስለብሰውም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ለእርስዎ ብሎ አስረዝሞታል።”

በጊንጆ ከሙሐዲን የሚረዝም ሰው የለም።

“ታጥፎ የነበረውን ጠርዝ ፈትቶ አራት ጣት ያህል ለቀቀው” አለ ፍሬአብ። “ለማጠፊያ የሚተርፍ ጨርቅ ስላልነበረው ከውስጥ በኩል የጃንጥላ ጨርቅ ቀጠለበት። ገና ሲቀምቅመው አይቼዋለሁ። ለምን ጃንጥላ ብለው፣ ‘ሰውየው ጎሕ ሳይቀድ ጤዛ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ውኃ ወደ ላይ እንዳይሳብበት ነው’ አለኝ። ሐሙስ እስኪመጡ ደብቄዋለሁ እያለ ሲስቅ ነበር።”

ባጃጁ ጊንጆ ሲደርስ ሙሐዲን ሒሳቡን ከፍሎ መልስ ሳይቀበል ወረደ። የሰው አጥር ተደግፎ ቆመ። ጆንያ ሥር ሁልጊዜ የሚገኘው ሰው የደበቀው ክፋት ነው፤ ሰው ደግ ነገርም ከታች እንደሚደብቅ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጆንያ አላስተማረውም። አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያን ቀን ያፈረበት ጊዜ የለም።

በመጀመሪያ ሻይ ቤት ገባ። “ተሳስቻለሁ” አለ ቆሞ። “ያቃጠልኩት ለኔ ብሎ የቀጠለውን የጃንጥላ ጨርቅ ነው። ካፖርቱ ካሽሚር ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።” ሰዎቹ ሰሙት። አንዱ “አይ ሙሐዲን” አለና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ይህኛው ወሬ እንደዚያኛው ሮጦ አልወጣም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ቀጥሎ ቤቱ ገብቶ የቆርቆሮውን ብር ከረይሃና እጅ ተቀበለ።

ቲጃኒ መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ይሰፋ ነበር። ካፖርቱ ያው ቦታው ተንጠልጥሏል። ሙሐዲን ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እጁ ብቻውን ወደ ካፖርቱ ታች ሄደ። የቆረጠበትን ቦታ ፈለገ። ተጥፏል። በደቃቅ ስፌት፣ ዓይን እንዳያየው ተደርጎ ተጥፏል።

“መቼ አየኸው?” አለ።

“ረቡዕ” አለ ቲጃኒ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል። “ከሶላት ስመለስ መቀሱ ቦታውን ለውጦ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ሐሙስ ትመጣለህ ብዬ።”

“አፉ በለኝ” አለ ሙሐዲን።

“አፉ ብያለሁ። በል ልበሰው።”

ለበሰው። ትከሻው ልክ ነው፣ ክንዱ ልክ ነው፤ ታችኛው ጠርዝ ከጉልበቱ ወርዶ ቅልጥሙ ላይ ዐረፈ። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ጀርባውን ያዘው። አንገቱን አላሳከከውም፣ አላስነጠሰውም። ዘንድሮ የቡ ላይ አፍንጫው ከሱ ጋር እንደሚሆን አወቀ፤ ደስታ ግን አልመጣለትም። እንደ ድሮው አንድ ነገር ማዘዝ አማረው። ለዒድ ሱሪና ኮት እንዲሰፋለት ጠየቀና፣ “ቀጥነሃል” እስኪለው እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ።

ቲጃኒ ተነሳ። ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አወረደ። የሙሐዲንን ትከሻ ለካ፣ ክንዱን ለካ፣ ወገቡን ለካ፤ ተንበርክኮ እግሩን ለካ፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ለካ። ሜትሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ የደንበኞች ደብተሩን አወጣና ባዶ ገጽ ገለጠ።

“ስም?” አለ።

“ቲጃኒ፣ እኔ ነኝ እኮ።”

“እንዳንሳሳት ነው፤ ይጻፍ። ስም?”

“ሙሐዲን።”

“የአባት ስም?”

የአባቱን ከፈን የቆረጠው መቀስ ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ ነበር። ሙሐዲን ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ አየው። ቲጃኒ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል።

“ሙሀጅር” አለ።

ቲጃኒ ጻፈና ከሥሩ መስመር አሰመረበት።